ለአሲዳማ አፈር ጥናት ሎጎ፦ የግብጦ ቅጠሉ ይቆይ ወይስ ይውጣ?

ዳሞት ቀለም፣ ፍኖተ ሰላም

ሰላም ለመድረኩ ታዳሚዎች። በምዕራብ ጎጃምና በአዊ አሲዳማ የሆነ የእርሻ መሬትን በኖራና በግብጦ መልሶ ለማልማት የሚካሄድ የምርምር ፕሮጀክት አለ፤ ሎጎውን እንድሠራ ሥራው ለእኔ ተሰጥቷል። ሰዎቹ ቅን ናቸው፤ ክፍያውም አያሳፍርም። ያስቸገረኝ የፍላጎታቸው ብዛት ነው። በመጀመሪያው ስብሰባ «ይግቡ» የተባሉትን ልንገራችሁ፦ የጮቄ ተራራ፣ የዓባይ ወንዝ፣ አዛውንቱ ተመራማሪ የጠየቁት በሬ ጠምዶ የሚያርስ ገበሬ፣ የስንዴ ዛላ፣ የላቦራቶሪ ብልቃጥ፣ የተከፈተ መጽሐፍ፣ የሚጨባበጡ እጆች፣ በዙሪያው ደግሞ የፕሮጀክቱ ሙሉ ስም በአማርኛና በእንግሊዝኛ። ልንወጣ ስንነሣ አንደኛው መለስ ብለው «ንብም ብትኖርበት ምን ይመስልሃል?» አሉኝ።

ይህን ሁሉ በአንድ ክብ ውስጥ ብከተው ዓይን አዋጅ ስለሚሆን ሦስት ንድፎች ብቻ ሠርቼ አቅርቤያለሁ።

ሀ፦ ከላይ የግብጦ ቅጠል፣ ከታች ሦስት የአፈር ንብርብር።
ለ፦ ከቀይ ወደ አረንጓዴ ቀስ በቀስ የሚለወጥ ቀለበት፣ የፒኤች (የአሲዳማነት) መለኪያ ወረቀትን ቀለማት የተከተለ።
ሐ፦ ብልቃጥ ውስጥ የበቀለ ቡቃያ።

የፕሮጀክቱ ሰዎች «ሐ»ን ወደዋል። የእኔ ልብ ያለው «ሀ» ላይ ነው። እስኪ እናንተ ምን ትላላችሁ?

---

ማኅተም ቀራጭ፣ ባሕር ዳር

ወንድሜ፣ ሥራው በኮምፒውተር ላይ ያምራል፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን ሎጎ የሚኖረው ኮምፒውተር ላይ አይደለም። እንዲህ ያሉ ፕሮጀክቶች በእኔ ደጅ ስለሚያልፉ ምን እንደሚያሠሩ አውቃለሁ። መጀመሪያ ማኅተም ያስቀርጻሉ። ቀጥሎ ለመክፈቻው ጉባኤ ባነርና ኮፍያ ያዝዛሉ። ከዚያ ለመኪና በር ተለጣፊ፣ በየሙከራ ማሳው ዳር ለሚተከል ታፔላ ደግሞ ቆርቆሮ። ኖራ የምታከፋፍሉ ከሆነ ከረጢቱ ላይ ምልክት በቀለም ሊረጭ ነው። ንድፍህን በእነዚህ ላይ አድርገህ ተመልከተው።

ከማኅተሙ እንጀምር። ስፋቱ ከአራት ሴንቲሜትር ብዙም አይበልጥም፤ ቀለሙም አንድ ነው። የ«ለ» ቀለበት ከቀይ ወደ አረንጓዴ የሚሻገረው ስክሪን ላይ ነው፤ ማኅተም ላይ አንድ ወጥ ሐምራዊ ክብ ይሆንና ፕሮጀክቱ ምን እንደሚያጠና የሚናገር ነገር አይቀርበትም።

ሁለተኛው ነገር ፊደል ነው። የእኛ ፊደል እንደ ላቲኑ ትልቅና ትንሽ የለውም፤ ሁሉም ቁመቱን ሞልቶ ስለሚቆም ሲጠብ ይተፋፈጋል። «ሉ»ን ከ«ሊ»፣ «ቡ»ን ከ«ቢ» የሚለየው ከጎን የወጣች አንዲት ጭረት ናት፤ አንዷ ወገብ ላይ፣ አንዷ እግር ላይ። የማኅተም ቀለም ወረቀት ላይ ሲዘረጋ ሁለቱ ጭረቶች አንድ ይሆናሉ። የፕሮጀክቱን ሙሉ ስም በሁለት ቋንቋ በዚያ ክብ ዙሪያ መደርደር እንኳን ዘንቦብሽ እንዲሁም ጤዛ ነሽ ነው። አጭር መጠሪያ ይፈለግለት፤ ሙሉ ስሙ ደብዳቤው ራስጌ ላይ ይጻፍ።

ለከረጢቱ ቅርጹ ከቆርቆሮ ወይም ከፕላስቲክ ተቆርጦ ነው ቀለም የሚረጭበት። «ምርምር» ብለህ ስትቆርጥ የ«ም» ዓይኖች ተቆርጠው ይወድቃሉ፤ ፊደሉ ጥቁር ጓል ይሆናል። ዓይኑን ከፊደሉ አካል ጋር የሚያያዝ ቀጭን ድልድይ ከወዲሁ ካልተውክለት ቆራጩ በገዛ እጁ እንደ መሰለው ይቀጥለዋል።

ታፔላው ደግሞ ፀሐይ ላይ ነው የሚውለው። በኅትመት ቀለም ቀዩና ቢጫው ቀድመው ይለቃሉ፤ ሰማያዊውና ጥቁሩ ይዘገያሉ። ዋናውን መልእክት በቀይ ብቻ አትሸከመው።

---

የብርሸለቆዋ

«ሐ» የሁሉም ነው። ብልቃጥና ቡቃያ የመድኃኒት ድርጅት፣ የዘር አባዢ፣ የሳሙና ፋብሪካ፣ የትምህርት ቤት የሳይንስ ክበብ ምልክት ሲሆን አይቻለሁ። በዚያ ላይ የአፈር ጥናት ሆኖ አፈር የለበትም።

---

አፈር መርማሪ፣ አዴት

የ«ሀ» ሐሳብ ቦታውን አግኝቷል፤ የተመረጠው የተክሉ ክፍል ግን ሌላ መሆን ነበረበት። ነገሩን ከሥራዬ አንጻር ላስረዳ።

በአሲዳማው ቀይ አፈራችን ሰብሉ የሚጫጨው ሁልጊዜ ፎስፈረስ ስለሌለ አይደለም። ፎስፈረሱ ከአሉሚኒየምና ከብረት ጋር ተጣብቆ ተክሉ ሊወስደው ስለማይችል ነው። ፒኤቹ ከ5.5 በታች ሲወርድ፣ ማለትም አሲዳማነቱ ሲበረታ፣ አሉሚኒየሙ ራሱ እየሟሟ የሥሩን ጫፍ ይጎዳል፤ ገብስ ይህን አይችለውም። ለዚህ ነው በደጋው ገብስ ይዘራበት የነበረ መሬት ላይ እንግዶ (የአጃ ዓይነት ሰብል) ሲበዛ የምናየው።

ግብጦ ሌላ ጠባይ አለው። ፎስፈረስ ሲያጥረው ከጎን ሥሮቹ ላይ አጫጭርና እጅግ የተጠጋጉ ሥሮችን በዘለላ ያወጣል። ተክሉን በጥንቃቄ ነቅላችሁ አፈሩን በውሃ ብታጥቡት ዘለላው የጠርሙስ ማጠቢያ ብሩሽ መስሎ ይታያችኋል። ከዚያ ዘለላ ሲትሬት የተባለ ንጥረ ነገር ይወጣና የተያዘውን ፎስፈረስ ከአሉሚኒየሙና ከብረቱ ያላቅቀዋል። በዚህ ላይ ሥሩ እንደ ሌሎቹ ጥራጥሬዎች አንጓ ስላለው ናይትሮጅንን ከአየር ይይዛል። ስለዚህ የዚህ ፕሮጀክት ሳይንስ ያለው ከመሬት በታች ነው፤ ቅጠሉ ምንም አይናገርም። ሥሩን ሣለው።

አንጓውንና ዘለላውን ግን እንዳታቀላቅል። አንጓው ክብ እብጠት ነው፤ ዘለላው የተደረደረ ጭረት። የሥነ ሕይወት ሎጎዎች ዘወትር የሚተቹበት አንድ ነገር አለ፤ የዲኤንኤውን ጥምዝ ወደ ግራ አዙረው ይስሉታል፤ በሕዋሳችን ውስጥ በብዛት የሚገኘው ግን ወደ ቀኝ የሚዞረው ነው። ለተራው ተመልካች ልዩነት የለውም፤ ለሙያው ሰው ግን ፕሮጀክቱ ገና ከበሩ ተዓማኒነቱን ያጣል።

ስለ «ለ»ም አንድ ነገር ልጨምር። በመለኪያ ወረቀቱ አረንጓዴ ማለት ገለልተኛ፣ ማለትም 7 ነው። ኖራ የምንጨምረው አፈሩን 7 ላይ ለማድረስ አይደለም፤ አሉሚኒየሙ ጉዳት ከማያደርስበት ደረጃ ከፍ ካለ ይበቃናል። የዴንማርኩ ኬሚስት ሶረንሰን እ.ኤ.አ. በ1909 ያቀረበው መለኪያ አንድ ቁጥር በተለወጠ ቁጥር አሲዳማነቱ አሥር እጥፍ የሚለወጥበት ነው፤ ከ5 ወደ 6 ማለፍ ብቻውን ትልቅ ሥራ ነው። ቀለበትህ ፕሮጀክቱ ያልገባውን ቃል ይገባል።

---

ጎዛምን

እኔ የምናገረው ማንም ያልደፈረውን ነው። «ሀ» ላይ ያለው ቅጠል ካናቢስ ይመስላል።

---

የብርሸለቆዋ

ሳየው ትዝ ያለኝ ነገር ምን እንደሆነ አሁን ገባኝ!

---

አፈር መርማሪ፣ አዴት

ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ፤ ነገር ግን ትክክል ነው። የሁለቱም ቅጠል ከአንድ ነጥብ ተነሥቶ እንደ ጣት ይዘረጋል። የግብጦው ጠርዝ ለስላሳ ነው፤ የካናቢሱ እንደ መጋዝ የተሰነጠቀ። በጥቁር ጥላ ተሥሎ በሁለት ሴንቲሜትር ሲታተም ጠርዙን ማን ያየዋል? ያንን የለጠፈ የፕሮጀክት መኪና በየኬላው ሲቆም አስቡት።

---

ዳሞት ቀለም፣ ፍኖተ ሰላም

ጎዛምን፣ እግዜር ይስጥልኝ። ቅጠሉ ወጥቷል። አፈር መርማሪ፣ የሥሩን ዘለላ ፎቶግራፍ ማግኘት እችል ይሆን? በቃል የነገሩኝን ብሥለው የምናብ ሥር እንዳይሆንብኝ።

---

አድማስ

ይህን ሁሉ ድካም ምን አመጣው? ለሰው ሠራሽ አስተውሎት «የአፈር ምርምር ሎጎ፣ ጎጃም፣ ሥር» ብላችሁ ብትነግሩት በአንድ ደቂቃ ያወጣላችኋል። ይኸው አውጥቻለሁ፤ ምስሉን ተመልከቱ።

---

ማኅተም ቀራጭ፣ ባሕር ዳር

አየሁት። ሥሩ የካሮት ሥር ነው። ከታች የተጻፈው ደግሞ ከሩቅ አማርኛ ይመስላል፤ ቀረብ ብዬ ሳየው ከሀ እስከ ፐ የማላውቃቸው ፊደላት ናቸው፤ አንዱ የ«ጠ» እግር ላይ የ«ዘ» ራስ ተተክሎበታል። ያም ቢስተካከል፣ ያወጣው በነጥብ የተሞላ ምስል እንጂ በመስመር የተሠራ ቅርጽ አይደለም። ለሁለት ሜትር ባነር ስዘረጋው ጠርዙ እንደ ደረጃ ይሰባበራል፤ ለመቁረጫ ማሽኔም መንገድ የለውም። ልጄ፣ ለሐሳብ ማፍለቂያ ተጠቀምበት፤ አልከለክልም። ማተሚያ ቤት የሚላከው ግን ኤስቪጂ ወይም ፒዲኤፍ ሆኖ በመስመር የተሠራው ነው።

ይህን ካነሣሁ አይቀር አንድ ልመና አለኝ፤ ሎጎ በቴሌግራም እንደ ፎቶ አትላኩ። ጨምቆ ያደበዝዘዋል። በፋይልነት ላኩት። ጽሑፉንም ወደ ቅርጽ መስመር ቀይራችሁ ላኩ፤ የተጠቀማችሁበት ፊደል በእኔ ኮምፒውተር ከሌለ የሚከፈትልኝ የባዶ ሳጥን ሰልፍ ነው።

---

የዳንግላ ልጅ

ሁለት ነገር። አንደኛ፣ ሥራው በምዕራብ ጎጃምና በአዊ ከሆነ የምሥራቅ ጎጃሙ ጮቄ ምን ሊሠራ ይገባል? ጮቄን ሁላችንም እንወደዋለን፤ ነገር ግን ፋግታና ባንጃ ያለው ገበሬ በማሳው ዳር ታፔላውን ሲያይ የሌላ ሰው አገር ተራራ ሊያይ ነው።

ሁለተኛው ይበልጥ ያሳስበኛል። በአዊ በኩል ብዙ ሰው አዊኛ ተናጋሪ ነው፤ አዊኛም በግዕዝ ፊደል ይጻፋል። ስሙ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ተጽፎ የእኛ ከቀረ ፕሮጀክቱ ከደጃፋችን እየሠራ በቋንቋችን አይናገርም ማለት ነው። ሦስቱንም ጽሑፍ ክቡ ውስጥ አጭቁት አላልኩም። ምስሉ ብቻውን የሚቆም ከሆነ ከጎኑ ያለው ጽሑፍ እንደ ቦታው ሊቀያየር ይችላል፤ ቡሬ ላይ በአማርኛ፣ እንጅባራ ላይ በአዊኛ።

በነገራችን ላይ «ፈረስ ይግባ» የሚል የአዊ ሰው እስካሁን አለመምጣቱ ገርሞኛል።

---

ቅኔ ወዳድ፣ ደብረ ኤልያስ

በጎጃም ምድር የሚሠራ አርማ ሰምና ወርቅ ሊኖረው ይገባል። ሰሙ የግብጦ ሥር ይሁን፤ ወርቁ በመሬት ሥር የተሰወረው ጥበብ። ክቡም እንደ ብራና ጌጥ በሐረግ ቢከበብ የአገሩን መልክ ይይዛል።

---

ማኅተም ቀራጭ፣ ባሕር ዳር

የኔታ፣ ቅኔውን ስሰማ ደስ ይለኛል። ነገር ግን በታፔላው አጠገብ የሚያልፈው ሰው በቅሎ ጭኖ ገበያ የሚወርድ ነው፤ ቆሞ ወርቁን አይፈታም። ሐረጉ ደግሞ በአራት ሴንቲሜትር ማኅተም ላይ የቀለም እድፍ ይሆናል። ለመጨረሻው መጽሐፍ ሽፋን ግን ሐረጉ ያምር ነበር።

---

ሰከላ

ቀላልነት ቀላልነት ትላላችሁ፤ እኔ በዚህ ሕግ ሙሉ በሙሉ አላምንም። ናሳ እ.ኤ.አ. በ1959 የተሠራ ክብ አርማ አለው፤ ከዋክብት፣ ምህዋር፣ ቀይ ክንፍ የታጨቀበት። ለማተም አስቸጋሪ ነው ተብሎ በ1975 በቀላል ቀይ ፊደላት ተተካ። ባለሙያዎቹ አደነቁት፤ ብዙ የቤቱ ሠራተኞች ግን አልወደዱትም። በ1992 አሮጌው ክብ ተመለሰ። በ2020 ደግሞ ቀዩ ፊደል ከተቀበረበት ወጥቶ ዛሬ ሁለቱም ያገለግላሉ። ሰው አርማውን የሚወደው ስለሚታተም ብቻ አይደለም። የፕሮጀክቱ አዛውንት ተመራማሪ ገበሬና በሬ የሚፈልጉት ምክንያት ይኖራቸዋል፤ ጠይቋቸው እንጂ ከንድፉ ላይ ብቻ አትፋቁባቸው።

---

ጎዛምን

ናሳ ማኅተሙን ማኅተም ቀራጭ ጋር አላስቀረጸም።

---

አባ መላ፣ ሞጣ

ታዝቤ ዝም ልል ነበር፤ አልቻልኩም። ፕሮጀክት ማለት ጥቂት ዓመት ቆይቶ የሚያልቅ ነገር ነው። ለአሲዳማ መሬት በሄክታር የሚያስፈልገው ኖራ በቶን ነው የሚቆጠረው። ደጀን የተፈጨው ኖራ ወደ አዊ የሚጫንበትን ገንዘብ ያጣ ገበሬ ፊት የሎጎ ወጪ ማውራት ደግ ነው ትላላችሁ? ገንዘብ የሚሰጡ ድርጅቶች አርማ አለ፤ የዩኒቨርሲቲ አርማ አለ። ሌላ መጨመር ምን ይጠቅማል?

---

አፈር መርማሪ፣ አዴት

አባ መላ፣ ጥያቄዎ ተገቢ ነው፤ ከሎጎ ይልቅ ኖራ ይቅደም ቢባል የምፈርም የመጀመሪያው እኔ ነኝ። ነገር ግን ከማሳ ላይ የማየው ሌላ ነገር አለ። በአንድ ቀበሌ የዘር ሙከራ፣ የማዳበሪያ ሙከራ፣ የመስኖ ጥናት፣ የእኛም ጨምሮ ጎን ለጎን ይተከላሉ። ገበሬው ከብት የገባበትን ወይም በረዶ የመታውን ማሳ ለማን እንደሚናገር ይጠፋዋል። የአፈር ናሙና ከረጢቶችም ላቦራቶሪ ሲደርሱ ከሌላው ጋር ይደባለቃሉ። ከሩቅ የሚለይ አንድ ምልክት ለእኔ ጌጥ አይደለም። አራት አርማ የተደረደረበት ታፔላ ላይ ግን ገበሬው የትኛውን ይያዝ?

---

አባ መላ፣ ሞጣ

እንዲያ ከሆነ ይሁን። በርካሽ ሠሩት።

---

ሕግ አዋቂ፣ ደብረ ማርቆስ

ለዳሞት ቀለም፦ ውሉን በጽሑፍ አድርገሃል? ሎጎ የፈጠራ ሥራ ስለሆነ በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ይሸፈናል። የመጠቀም መብቱ ለማን እንደሚተላለፍ፣ ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ማን እንደሚይዘው፣ ያልተመረጡት ንድፎች የማን እንደሆኑ ዛሬ ካልተጻፈ ነገ ክርክር ነው። በተለይ ሁለትና ሦስት ተቋማት በጋራ የያዙት ፕሮጀክት ላይ «የእኛ ነው» ባዩ ይበዛል። ከግብጦው የተዘጋጀ ምርት በዚህ ምልክት ለገበያ ይቅረብ ከተባለ ደግሞ ጉዳዩ ወደ ንግድ ምልክት አዋጁ፣ ወደ 501/1998 ይሻገራል፤ ያን ጊዜ ምዝገባ ያስፈልጋል።

የተጠቀምክበትን የፊደል ፈቃድም ተመልከት። ኖቶና አቢሲኒካ በክፍት ፈቃድ የተለቀቁ ስለሆኑ አያስቸግሩም። ከየትም የወረደ ፊደል ላይ ግን አትመካ።

---

ዳሞት ቀለም፣ ፍኖተ ሰላም

አፈር መርማሪ የላኩልኝን ፎቶግራፍ አይቼ አዲስ ንድፍ ሠርቻለሁ፤ ከዚህ በታች አያይዤዋለሁ። በአንድ ሙሉ ቀለም የተሞላ ክብ አለ፤ ከላይ ሲሶው ላይ የመሬቱ መስመር በነጭ ይቆርጠዋል። ከመስመሩ በታች ዋናው ሥር ቀጥ ብሎ ይወርዳል፤ በግራና በቀኝ ከወጡት ሥሮች ላይ ሦስት ዘለላዎች አሉ፤ እያንዳንዱ በአጫጭር ጭረቶች የተሠራ። ከመስመሩ በላይ አጭር ግንድና የግብጦ አበባ ዛላ ብቻ። ቀለሙ እንደ ቀይ አፈራችን ቡናማ ቀይ ነው፤ በጥቁርና በሐምራዊም ሞክሬው አልጠፋም። ለማኅተሙ ሦስቱን ዘለላ ወደ አንድ ቀንሼ ጭረቶቹን አወፍሬያለሁ። ጽሑፉ ከክቡ ውጭ ስለሆነ በሦስቱም ቋንቋ ይቀያየራል።

ሰከላ እንደመከርከኝ ሽማግሌውን ስለ በሬው ጠየቅኋቸው። መልሳቸው ይህ ነበር፦ «ገበሬ የሌለበት የግብርና ምርምር አልወድም።» ክርክር አላነሣሁም። በየማሳው የሚተከለው ታፔላ ላይ፣ ከሎጎው ከፍ ባለ ጽሑፍ፣ የማሳው ባለቤት ስም እንዲጻፍ ሐሳብ አቀረብኩ። ተስማሙ። ንቧ ግን አሁንም በቀጠሮ ላይ ናት።

---

አፈር መርማሪ፣ አዴት

ሥሩ ሥር ሆኗል። አንድ እርማት ብቻ፤ በግራ በኩል ያለው ዘለላ ጭረቶቹ እየረዘሙ ሄደው ጫፉ ላይ ተከፍተዋል፤ መጥረጊያ መስሏል። ቁመታቸው ተቀራራቢ ይሁን።

---

የዳንግላ ልጅ

የአዊኛውን ጽሑፍ ከመታተሙ በፊት አዊኛ የሚያስተምር ሰው ይየው። በአማርኛ ድምፅ ገምቶ የጻፈው ሰው እንዳይሆን።

---

ማኅተም ቀራጭ፣ ባሕር ዳር

ማኅተሙ ይሠራል፤ በወረቀት ላይ አትሜ ሞክሬዋለሁ። ኮፍያው ላይ ግን ችግር አለ። የጥልፍ ማሽኑ ከአንድ ሚሊሜትር የቀጠነ መስመር በወጉ አይዝም፤ ያንተ የዘለላ ጭረቶች ከዚያ ያንሳሉ። ለኮፍያው የማኅተሙን ባለ አንድ ዘለላ ንድፍ እንጠቀም፤ የአበባው ዛላም ወደ ሦስት ፍሬ ይቀነስ። ፋይሉን በፒዲኤፍ ላክልኝ፤ በፎቶ እንዳትልክ።